የክርን መገጣጠሚያን በአልትራሳውንድ መመርመር፦ ከከተማ ዳር ክሊኒክ የቀረበ ጥያቄ

ጠቅላላ ሐኪም፣ ቱሉ ዲምቱ

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ባለ ክሊኒክ ነው። ሠፈሩ ግንባታ የሚበዛበት በመሆኑ ክርናቸውን ታመው የሚመጡ ድንጋይ ጠራቢዎችና ለሳኞች ጥቂት አይደሉም። በቅርቡ የመጣ አንድ የኮብልስቶን ጠራቢ ቀኝ ክርኑን በውጭ በኩል ያመዋል፤ መዶሻ ሲያነሣ ይብስበታል፣ ውኃ የሞላ ጆግ ማንሣት እንኳ ይከብደዋል። ራጁ ደኅና ነው። ኤምአርአይ እንዳልልከው ዋጋው በቀን ሥራ ለሚተዳደር ሰው የሚቀመስ አይደለም። ለእርግዝናና ለሆድ የምንጠቀምበት አልትራሳውንድ ግን ከነሊኒየር ፕሮቡ (ቆዳ ላይ ከሚያርፈው ጠፍጣፋ ጫፍ ያለው መመርመሪያ) አለን፤ ሊኒየሩን እስካሁን ለታይሮይድና ለጡት ብቻ ነው የተጠቀምንበት። በዚህ መሣሪያ ክርንን በሚያስተማምን ሁኔታ መመርመር ይቻላል? ጅማቱን ስፈልግ አንዴ ነጥቶ፣ አንዴ ጠቁሮ ይታየኛል፤ ጥቁረቱን እንደ ሕመም ምልክት ልውሰደው?

የራዲዮሎጂ ስፔሻሊስት

ዶክተር፣ በሚገባ ይቻላል። ክርን ከቆዳ ሥር ቅርብ ያለ መገጣጠሚያ ስለሆነ ለአልትራሳውንድ ይመቻል። ለሆድ የሚያገለግለው ጎባጣ ፕሮብ አይሆንም፤ ሊኒየሩን ከ10 ሜጋኸርዝ በላይ አድርገው፣ ጥልቀቱን ቀንሰው ይጠቀሙ።

የጥቁረቱ ነገር ከሁሉ በላይ ሊጠነቀቁለት የሚገባ ነው። የጅማት ክሮች አልትራሳውንዱ የሚልከውን ድምፅ ወደ ፕሮቡ የሚመልሱት ድምፁ ቀጥ ብሎ ሲያርፍባቸው ብቻ ሲሆን፣ ፕሮቡ በጥቂት ዲግሪ ካዘነበለ ድምፁ ወደ ሌላ አቅጣጫ ስለሚሄድ ጤነኛው ጅማት የታመመ መስሎ ይጠቁራል። ስለዚህ ጥቁር ቦታ ባዩ ቁጥር ፕሮቡን ከቦታው ሳያነሡ በዝግታ ወዲያና ወዲህ ያዘንብሉት። ጥቁረቱ ከጠፋ የአያያዝ ጉዳይ ነው፤ በየትኛውም አቅጣጫ ካልጠፋ ያን ጊዜ ትርጉም ይሰጡታል።

ታካሚዎ ፊት ለፊትዎ ተቀምጦ ክርኑን አጥፎ ክንዱን ጠረጴዛ ላይ ያሳርፍ፤ አውራ ጣቱ ወደ ላይ ይሁን። የፕሮቡን አንድ ጫፍ በክርኑ ውጭኛ ጎን በሚዳሰሰው የአጥንት ጉብታ ላይ ያሳርፉና ሌላውን ጫፍ ወደ እጅ አንጓው አቅጣጫ ያስተካክሉት። ከጉብታው ተነሥቶ የሚወርደው፣ የእጅ አንጓን ወደ ላይ የሚያነሡት ጡንቻዎች የጋራ ጅማት ጤነኛ ሲሆን ነጣ ያሉ ቀጫጭን መስመሮች ተጠጋግተው ሲሄዱ ይታያሉ። ሲታመም ይወፍራል፣ መስመሮቹ ይደበዝዛሉ፣ የአጥንቱም ገጽ ሊሻክር ይችላል። ክሮቹን አቋርጦ የሚያልፍ ጥርት ያለ ጥቁር ስንጥቅ መቀደድን ያመለክታል። ዶፕለር (የደም ፍሰትን የሚያሳየውን የአልትራሳውንዱን ክፍል) ሲከፍቱ ፕሮቡን አይጫኑት፤ በታመመው ጅማት ውስጥ የሚበቅሉት ደም ሥሮች ደቃቃ ስለሆኑ ቀላል ጫና እንኳ ይደፍናቸዋል። ከዚያ ግራ ክርኑንም በተመሳሳይ ሁኔታ ይዩት። ሕመም በሌላቸው ሰዎችም ላይ እንዲህ ያለ ለውጥ ስለሚገኝ፣ ምስሉ ክብደት የሚኖረው ታካሚው «እዚህ ጋ ነው» ብሎ በጣቱ ካመለከተው ቦታ ጋር ሲገጥም ነው።

የአጥንት ቀዶ ሕክምና ሐኪም

ከላይ የተባለው ትክክል ነው፤ በአደጋ ስለሚመጣ ክርን ግን ልጨምር። ድምፁ አጥንትን ዘልቆ ስለማያልፍ የሚታየው የአጥንቱ ገጽ ብቻ ነው፤ በመሆኑም ለወደቀ ሰው ቅድሚያ የሚሰጠው ራጅ ነው። ይሁን እንጂ ክርኑን 90 ዲግሪ አጥፋችሁ ፕሮቡን በስተኋላ፣ ከክርኑ ሹል አጥንት ከፍ ብላችሁ በቁመት ብታሳርፉት፣ በላይኛው ክንድ አጥንት የኋላ ጎድጓዳ ውስጥ የሚተኛው ስብ ይታያል። ስቡ በፈሳሽ ተገፍቶ ከጎድጓዳው ከተነሣ መገጣጠሚያው ውስጥ ደም ወይም ሌላ ፈሳሽ አለ ማለት ነው። በወደቀ ሕፃን ላይ ይህን ካያችሁ፣ ራጁ ስብራት ባያሳይም እንኳ የተደበቀ ስብራት ሊኖር ስለሚችል ክንዱን ሳትደግፉለት ልጁን ወደ ቤቱ አትስደዱት።

በከተማው ዳርቻ ያሉ ወላጆች ብዙ ጊዜ አስቀድመው ወደ ወጌሻ ይሄዳሉ። በጠባቡ ታስሮ የመጣ ክንድ ካጋጠማችሁ አልትራሳውንዱ ይቆይ፤ ማሰሪያውን ፈትታችሁ የእጅ አንጓውን የደም ምት፣ የጣቶቹን ሙቀትና እንቅስቃሴ ፈትሹ። ጥቂት ሰዓታት መዘግየት የልጁን እጅ ሊያሳጣው ይችላል። ትኩሳት ኖሮት ክርኑ ለጋለና ላበጠ ታካሚም አልትራሳውንድ ፈሳሹን ያሳያል እንጂ መግል መሆን አለመሆኑን አይለይም፤ ፈሳሹ በመርፌ ተቀድቶ መመርመር አለበት።

የቆዳና የነርቭ ሕመም ላይ የምሠራ ሐኪም

ፕሮቡ እጃችሁ ላይ ሳለ የውስጠኛውን ጎን አትዝለሉት። ከውስጠኛው ጉብታ በስተጀርባ የሚያልፈው ነርቭ በአግድም ሲታይ የማር እንጀራ ይመስላል፤ ስፋቱም አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ስኩዌር ሚሊሜትር አይበልጥም። ትንሿ ጣቱ የሚደነዝዝበት ሰው ነርቩ ወፍሮና ጠቁሮ ከታየ በጠባቡ መተላለፊያ መጨቆኑን መጠርጠር ተገቢ ነው። በአገራችን ግን የሥጋ ደዌም መታሰብ አለበት። በዚህ በሽታ ነርቩ በተለይ ከክርኑ ትንሽ ከፍ ብሎ ይወፍራል፤ ስለዚህ ፕሮቡን ወደ ላይኛው ክንድ ማንሸራተትና በቆዳው ላይ ስሜት አልባ ነጣ ያለ ምልክት መኖሩን መፈለግ ያስፈልጋል። ለዚሁ በሽታ በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው አለርት ሆስፒታል እዚሁ አዲስ አበባ ነው፤ መድኃኒቱም በነፃ ይሰጣል።

ጠቅላላ ሐኪም፣ ቱሉ ዲምቱ

ከልብ አመሰግናለሁ። ታካሚውን መልሼ አየሁት፤ የቀኙ ጅማት ከግራው ወፍሯል፣ ጥቁረቱም በማዘንበል አልጠፋም፣ ስንጥቅ ግን የለውም። የኮርቲዞን መርፌ እንድወጋው ይለምነኛል፤ ቶሎ ወደ ሥራው መመለስ ስለሚፈልግ እምቢ ማለቱ ከብዶኛል።

የራዲዮሎጂ ስፔሻሊስት

መርፌው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሕመሙን ያስታግሳል፤ ነገር ግን ከዓመት በኋላ ሲታይ የተወጉት ሰዎች ካልተወጉት ያነሰ መሻሻል እንዳላቸው በጥናት ታይቷል። ይህን ሳይሸሽጉ ይንገሩት። ከአሠሪው ጋር ተነጋግሮ ለጊዜው ከመጥረብ ወደ መደርደር ቢዛወር፣ የእጅ አንጓውን ቀስ በቀስ የሚያጠነክር እንቅስቃሴም ከፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ቢማር ይሻለዋል። ከሦስት ወር በኋላ በዚያው አቀማመጥ ደግመው ያንሡትና ከአሁኑ ምስል ጋር ያስተያዩት።