መልስ፦ «የወንድሜ ልጅ አብራሪ ነው፤ አሜሪካ ሄዶ መብረር ይችላል ወይ?»

እንደምን ሰነበታችሁ የጎንደር ልጆች። እትዬ፣ ጥያቄዎን ካነበብኩት ሳምንት ሆነኝ። የአራት ቀን በረራ ላይ ስለነበርኩ ዘገየሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ደግሞም ሆቴል ጋደም ብሎ በሁለት ጣት የሚመለስ ጥያቄ አይደለም።

ላላነበባችሁት፦ የእትዬ የወንድም ልጅ አገር ቤት በኪው-400 (ባለ ሁለት ፕሮፔለር የመንገደኛ አውሮፕላን ናት) ረዳት አብራሪ ነው። 1,100 ሰዓት በሯል። ጓደኞቹ «አሜሪካ አብራሪ ጠፍቷል፤ የክልል በረራ (አጫጭሩን መስመር) የሚሠሩት አየር መንገዶች እጅህን ስመው ነው የሚቀበሉህ» ብለውታል። እትዬ ደግሞ «እውነት ነው ወይስ ወሬ?» ነው የሚሉት። ከሥር የተጻፈውን ሁሉ አየሁት። ቅን ምክር ነው፤ ግማሹ ግን የሰሚ ሰሚ ነው።

እኔ የአዘዞ ልጅ ነኝ። ልጅነቴ ያለፈው አውሮፕላን ማረፊያው አጥር አካባቢ ከብት ስጠብቅ ነው። ያኔ ትመጣ የነበረችው ፎከር 50 ናት። ድምጿ ከተሰማ ጥጃው የፈለገበት ይሂድ፤ ዓይኔ ሰማይ ላይ ነው። በኋላ ኪው-400 መጣች፣ እኔም አደግሁና አበረርኳት። የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት በግራ ወንበር፣ በካፒቴንነት። ካነሳሁት አይቀር፣ አምሳለ ጓሉ እ.ኤ.አ. በ2010 የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሴት ካፒቴን ስትሆን በካፒቴንነት መጀመሪያ የበረረችው በዚችው በኪው-400 ወደ ጎንደርና አክሱም ነው። እናቴ እስከ ዛሬ «እኛ ጋ ነው የተመረቀችው» ትላለች። ማንም አያስተዋት።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። ልጁ እያነበበ ከሆነ ከዚህ በኋላ ከእሱ ጋር ነው የማወራው።

ወንድሜ፣ ሁሉም ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ላይሰንስ ነው። የሚቀድመው ግን የሥራ ፈቃድ ነው። እዚህ ያሉት የክልል አየር መንገዶች ማስታወቂያቸው ላይ «አሜሪካ ውስጥ ያለ ገደብ መሥራት የሚችል» ብለው ይጽፋሉ። በእኛ ቋንቋ ግሪን ካርድ ወይም ዜግነት ማለት ነው። ለአብራሪ ቪዛ አውጥቶ ከአዲስ አበባ የሚያስመጣህ የለም ብለህ ተነስ። አውስትራሊያውያን ኢ-3 የሚባል የራሳቸው ቪዛ ስላላቸው በእሱ የገቡ አሉ። ወሬው የመጣው ከዚያ ይመስለኛል። የእኛ ፓስፖርት በዚያ በር አያስገባም። እኔ የገባሁት ባለቤቴ ዲቪ ደርሷት፣ በእሷ ቀሚስ ተንጠልጥዬ ነው። ከዚያ በፊት አንድ ደላላ «ስፖንሰር የሚያደርግህ አየር መንገድ አለኝ» ብሎ ገንዘቤን በልቷል። አብራሪ ነኝ፣ የተማርኩ ነኝ፣ ግን ተበላሁ። አንተ እንዳትበላ።

ቀጥሎ ሰዓቱ። እዚህ አገር መንገደኛ በሚያመላልስ አየር መንገድ ረዳት አብራሪ እንኳ ለመሆን ኤቲፒ የሚባለው ፈቃድ ያስፈልጋል። ለዚያ 1,500 የበረራ ሰዓት ይጠየቃል። የደንቡን መነሻ ብታውቀው ይገርምሃል። እ.ኤ.አ. የካቲት 12 ቀን 2009 ከኒውዋርክ ወደ ቡፋሎ ትሄድ የነበረች አውሮፕላን ልታርፍ ስትል ወደቀች። የተሳፈሩት 49 ሰዎችና መሬት ላይ የነበረ አንድ ሰው ሞቱ። አውሮፕላኗ ኪው-400 ነበረች፤ የአንተዋ። ፍጥነቷ ወርዶ ማስጠንቀቂያው ሲሰማ ካፒቴኑ አፍንጫዋን ዝቅ በማድረግ ፋንታ መሪውን ወደ ራሱ ሳበው። በ2010 ሕግ ወጣ፣ ከ2013 ጀምሮ 1,500 ሰዓት ግዴታ ሆነ። የሚገርመው ሁለቱም አብራሪዎች ከ1,500 በላይ የበረሩ ነበሩ። እኛ አብራሪዎች ቡና ላይ የማንጨርሰው ክርክር ነው፤ እዚህ አልከፍተውም።

አንድ ጋሼ «ዲግሪ ካለው 1,000 ሰዓት ይበቃዋል» ብለው ጽፈዋል። ጋሼ፣ ደንቡ አለ። ግን የሚሠራው በአቪዬሽን ሙያ ለተመረቁ፣ ለዚያ በተፈቀደላቸው የአሜሪካ ኮሌጆች ውስጥ ለተማሩ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ለብዙ ነገር ይጠቅማል፣ ለዚህ ግን አይቆጠርም።

አሁን ማንም የማይነግርህን ልንገርህ። ከ1,500ው ውስጥ 250ው በአዛዥነት የተበረረ መሆን አለበት። ከትምህርት ቤት ወጥቶ ቀጥታ ቀኝ ወንበር፣ የረዳቱ ቦታ ላይ የተቀመጠ ልጅ ይህ ሰዓት የለውም። በካፒቴን ቁጥጥር ሥር የአዛዡን ሥራ እየሠራህ የበረርከው ይቆጠርልሃል፤ ሎግ ቡክህ (የበረራ ሰዓት መዝገብህ) ላይ በዚያ መልክ ከተጻፈ ነው እንጂ። ስለዚህ ከነገ ጀምረህ ለይተህ ጻፈው። የሌሊት በረራ 100፣ በመሣሪያ ብቻ የተበረረ 75፣ አገር አቋራጭ 500 ይፈለጋል። የመጨረሻው አያሳስብህም፤ አዲስ አበባ - ጎንደር - አክሱም ያበረረ ሰው አገር አቋራጭ አይቸግረውም። ሌሊቱን ግን ቁጠረው። የአገር ውስጥ በረራ አብዛኛው በቀን ስለሆነ እኔ ስደምረው ልቤ ወደቀ።

የእኛ ፈቃድ እዚህ ቀጥታ ወደ ኤቲፒ አይቀየርም። ለግል በረራ የሚሆን ፈቃድ በእሱ ላይ ተመሥርተው ይሰጡሃል፤ ለደመወዝ ለመብረር ግን የጽሑፉንም የበረራውንም ፈተና እንደ ማንም ትፈተናለህ። ከጽሑፍ ፈተናው በፊት ደግሞ 30 ሰዓት ክፍል ውስጥ፣ 10 ሰዓት ሲሙሌተር (የበረራ መለማመጃ ማሽን) ላይ የሚወሰድ ኮርስ አለ። ቀጣሪው ብዙ ጊዜ ይከፍልልሃል። ዜጋ እስካልሆንክ ድረስ፣ ግሪን ካርድ ይዘህም ቢሆን፣ ለሥልጠናው የደኅንነት ማጣሪያ ታልፋለህ።

እኔን ያንገላታኝ ፈተናው ሳይሆን ወረቀቱ ነው። ሎግ ቡኬ ላይ ስሜ በአንድ «ኤስ» ተጽፏል፤ ፓስፖርቴ ላይ በሁለት። የልደት ወረቀቴ ጳጉሜን 3 ይላል፤ ወደ ፈረንጅ ሲገለበጥ አንዱ መሥሪያ ቤት አንድ ቀን፣ ሌላው ሌላ ቀን ጻፈልኝ። አያቴን አባቴ ያደረገ ቅጽም አጋጥሞኛል። የአንድ ፊደልና የአንድ ቀን ልዩነት አምስት ወር በላችኝ። አምስት ወር ሙሉ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ደረደርኩ። ቀጣሪዎች የአሥር ዓመት የሥራ ታሪክ ስለሚጠይቁ ያ መጋዘንም በኋላ ማመልከቻዬ ላይ ገባ። «ካፒቴን»፣ ቀጥሎ «የመጋዘን ሠራተኛ»። ፈታኙ አየውና ምንም አላለም፤ ፈገግ ብቻ አለ።

ስለዚህ አገር ቤት ሳለህ ሁሉንም ወረቀት አንድ አድርግ። ሎግ ቡክህን ገጽ በገጽ አስረጋግጠህ ፎቶ አንሳው፤ ዋናውን ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በእጅህ ያዝ። ያስተማረህ ድርጅት ጋር የአገልግሎት ግዴታ ፈርመህ ከሆነ ጨርሰህ ውጣ። ሸሽተህ ብትወጣ የሥራ ማስረጃ የሚጽፍልህ አታገኝም፤ ያለ ማስረጃ ደግሞ እዚህ ሰዓትህ ወሬ ነው።

አሁን ወደሚያመው። እዚህ ካፒቴን ለመሆን 1,000 ሰዓት በአሜሪካ አየር መንገድ ረዳት ሆነህ መብረር አለብህ። ሌላ አገር በካፒቴንነት አምስት ሺህ ሰዓት ብትበርም አይተካውም። እኔም እንደገና ሀ ብዬ ጀመርኩ። መጀመሪያ አብሮኝ የበረረው ካፒቴን 27 ዓመቱ ነው፤ ጨዋ፣ ጎበዝ ልጅ። አውሮፕላኑን ዞሮ ማየት የረዳቱ ሥራ ነው። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሲሆን የእጅ ባትሪ ይዤ ክንፍ ሥር አጎንብሻለሁ፣ እሱ ከላይ ሙቀት ውስጥ ቡናውን ይጠጣል። ቀና ስል በመስኮት አየሁት። አገር ቤት እኔ እዚያ መስኮት ላይ ስቀመጥ ታች ያጎነበሰውን ልጅ ፊት አንድም ቀን አይቼ አላውቅም ነበር።

ሴኒዮሪቲ የሚሉት ነገር አለ። የተቀጠርክበት ቀን ቁጥርህን ይወስናል። ቁጥርህ ቤዝህን (በረራህ የሚነሳበትን ከተማ)፣ የእረፍት ቀንህን፣ ገናና ፋሲካህን ይወስናል። ሌላ አየር መንገድ ብትዛወር ቁጥሩ እንደገና ከጭራ ይጀምራል። አዲስ ሰው ሪዘርቭ ነው፤ ስልክ ታቅፎ ይጠብቃል፣ ሲጠሩት በሁለት ሰዓት ውስጥ ይገኛል። እኔ ቤቴ ኮሎምበስ፣ ቤዜ ሺካጎ ነው። ሺካጎ ስምንት አብራሪዎች በተደራራቢ አልጋ የምናድርበት አፓርታማ አለ፤ ክራሽ ፓድ ይሉታል። በሁዳዴ ሽሮ ስሠራ ቁሌቱ የጭስ ደወሉን አስጮኸው፤ ስምንቱም በቁምጣ ወጡ። ከዚያ በኋላ «ያ ቀዩ ነገር» ሲሉ ሽሮ ማለታቸው ነው። አሁን ራሳቸው ይጠይቁኛል።

በረዶውንም ልንገርህ። ጎንደር በረዶ ስንል ሐምሌ ላይ ቆርቆሮ የሚደበድበውን ነው። እዚህ ክንፍ ላይ ይተኛል። መጀመሪያ ብርቱካንማ ሙቅ ፈሳሽ ይረጩና ያራግፉታል፤ ቀጥሎ እንደገና እንዳይይዝ ወፍራም አረንጓዴ ይቀቡታል። ከዚያ ደቂቃ ትቆጥራለህ። ሳትነሳ ካለፈ ተመልሰህ ትረጫለህ። በከፍታ በኩል ግን አንተ ትበልጣቸዋለህ። ዴንቨር ስንሄድ አንዱ «ተጠንቀቅ፣ ከፍታ ነው፣ አየሩ ሳሳ ያለ ነው» አለኝ። ዴንቨር 1,650 ሜትር ገደማ ናት። አዘዞ ወደ 2,000 ይጠጋል፣ ቦሌ ከ2,300 በላይ ነው። ዝም ብዬ አመሰገንኩት።

ገንዘቡ? ድሮ አሳፋሪ ነበር፤ አሁን ይሻላል። በ2022 «አሜሪካን ኤርላይንስ» የሚባለው አየር መንገድ ሦስቱ የክልል ቅርንጫፎች የአዲስ ረዳት አብራሪን ክፍያ በሰዓት 90 ዶላር ገደማ አደረሱት። «በሰዓት» ሲባል ግን አውሮፕላኑ ከበር ተነስቶ በር እስኪደርስ ያለው ነው እንጂ ተርሚናል የተጎለትክበት አይደለም። በወር 75 ሰዓት ገደማ ዋስትና አለ።

እዚህ ላይ ላቁም። ጥያቄ ካለ ጻፉ።

—

ከቶሮንቶ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ባለቤቴ እዚህ ስለሚበር ትንሽ ልጨምር። ልጁ ኪው-400 ላይ ከሆነ ለምን ካናዳን አያስብም? አሜሪካ የክልል አየር መንገዶች ኪው-400ን ትተውታል፤ የመጨረሻው ሆራይዘን በ2023 አቆመ። እዚህ ግን ጃዝም ፖርተርም ዌስትጄት ኢንኮርም የሚባሉት አየር መንገዶች ያበሯታል። አውሮፕላኗ ራሷ የተሠራችው እዚሁ ቶሮንቶ፣ ዳውንስቪው ነው። ረዳት አብራሪ ለመሆን 1,500 ሰዓት የሚል ሕግም የለም። የካናዳን ፈተና መፈተንና የመኖሪያ ወይም የሥራ ፈቃድ መያዝ ግን እዚህም ያው ነው። ባለቤቴ ፈተናዎቹን ሲያጠና እኔ ነኝ የጠየቅሁት። ስለ ደመና ከእሱ በላይ አውቃለሁ።

—

እህቴ፣ እግዜር ይስጥሽ። ልክ ነሽ። ለእሱ እኔ ከሄድኩበት መንገድ ያንቺ ይቀርበዋል። በክፍያው ግን አሜሪካ ይበልጣል፤ ያንንም አስበው።

—

ከማራኪ፣ እትዬ፦

ልጄ፣ እግዜር ያክብርህ። ልጁ አጠገቤ ተቀምጦ እያነበበልኝ ነው። ስለ መጋዘኑ ሲደርስ ዝም አለ። «እትዬ፣ እኔ እኮ የአዛዥነቱን ለይቼ አልጻፍኩም» ይለኛል። ያለፈውን አሁን ቢሞላው ይሆናል ወይ? ደግሞ መቼ እንደውልልህ?

—

እትዬ፣ ያለፈውን ከራሱ ሞልቶ እንዳይጽፍ፤ ከባድ ጥፋት ነው፣ ፈቃዱን ያሳጣዋል። አብሮት የበረረው ካፒቴን ከድርጅቱ መዝገብ ጋር አመሳክሮ ሊፈርምለት የሚችለው ካለ እሱ ሌላ ነገር ነው። መጀመሪያ የመጨረሻዎቹን አሥር ገጾች ፎቶ አንስቶ ይላክልኝና አብረን እንያቸው። ረቡዕ ቤት ነኝ። በእናንተ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ይደውሉ፤ በእኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው እንጂ በፈረንጅ እንዳይሆን። ባለፈው እናቴ በፈረንጅ ቆጥራ ከሌሊቱ በስምንት ሰዓት ቀስቅሳኛለች።