ሁሉንም የሚያሸንፍ የሃይስኩል ቡድን ተጋጣሚ ፍለጋ ከስቴት ውጭ ይብረር? የወላጆች ክርክር

ጠያቂው (ሜሪላንድ)

ሰላም ለዚህ ቤት ወላጆች። አንድ ነገር ላማክራችሁ። ልጄ 11ኛ ክፍል ነው፤ አሜሪካን ፉትቦል ይጫወታል። ቡድናቸው በሊጉ ውስጥ ተፎካካሪ አጥቷል። ዓምና አብዛኛው ጨዋታ ከእረፍት በፊት ያለቀለት ነበር። ልዩነቱ በጣም ሲሰፋ ዳኞቹ ሰዓቱን ሳያቆሙ ያስኬዱታል፤ ቶሎ እንዲያልቅ። ዘንድሮ አሰልጣኙ የመክፈቻውን ጨዋታ ካሊፎርኒያ ሄደው እንዲጫወቱ ቀጠሮ ይዟል። ሐሙስ ጠዋት በረራ፣ ዓርብ ማታ ጨዋታ፣ ቅዳሜ መመለስ። ልጁ ከአሁኑ ሌላ ወሬ የለውም። እናቱ የፈቃድ ወረቀቱን አልፈርምም ብላለች። እኔ ወደ መፍቀዱ አደላለሁ፤ ግን እሷ ላነሳችው ሁሉ መልስ የለኝም። እናንተ ምን ትላላችሁ?

የላስ ቬጋሱ አባት

ይሂድ እንጂ! እዚህ ከተማ ያለውን የቢሾፕ ጎርማን ትምህርት ቤት ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2018 የኔቫዳን ዋንጫ 10 ዓመት በተከታታይ ወሰደ። ሰፈር ውስጥ የሚገጥመው ሲያጣ ከካሊፎርኒያና ከሌሎች ስቴቶች ጠንካራ ቡድኖች ጋር መጫወት ጀመረ። በ2014፣ በ2015 እና በ2016 በአገር ደረጃ አንደኛ የተባለው ኔቫዳን ስላሸነፈ ብቻ አይደለም። እነዚያን ስለገጠመ ነው። በ2024 ደግሞ የካሊፎርኒያው ማተር ዴይ እዚሁ ቬጋስ መጥቶ 31 ለ 15 አሸነፈው። ታዲያ ምን ሆነ? ልጆቹ ምን እንደጎደላቸው በአንድ ማታ አወቁ። 60 ለ 0 እያሸነፈ የሚያድግ ልጅ ይህን ከየት ይማራል?

ደግሞ እኛ ራሳችን በየዓመቱ ጁላይ ሲመጣ ለኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን የእግር ኳስ በዓል ከስቴት ስቴት የምንዞር ሕዝብ ነን። ከ1984 ጀምሮ እንዲሁ ነው። ልጆቻችን ሲሄዱ ለምን ይከብደናል?

የሲያትሏ እናት

ወንድሜ፣ እኔ ያለሁበት አገር ሰው እስከ ዛሬ የሚያወራው አንድ ጨዋታ አለ። እስቲ እሱን ልንገራችሁ፤ ጥያቄው ሙሉውን እዚያ ውስጥ አለ።

ኮንኮርድ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ዴ ላ ሳል የሚባል የካቶሊክ የወንዶች ትምህርት ቤት አለ። ከ1992 ጀምሮ 151 ጨዋታ ሳይሸነፍ ሄደ። ከእሱ በፊት የነበረው የአገሪቱ ክብረ ወሰን፣ የሚሺጋኑ ሃድሰን ያስመዘገበው፣ 72 ነበር። ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። በሴፕቴምበር 2004 መጀመሪያ ላይ ሲያትል መጥተው ከቤልቪው ጋር ተጫወቱ። ቤልቪው ከሐይቁ ማዶ ያለ የሕዝብ ትምህርት ቤት ነው። ጨዋታው የተደረገው ፕሮፌሽናሎቹ በሚጫወቱበት ትልቅ ስታዲየም ነው። ቤልቪው 39 ለ 20 አሸነፈ። 12 ዓመት የቆየው ነገር በዚያ ቀን አበቃ።

ሰው የሚያስታውሰው ይህን ነው። እኔ ደግሞ ከዚያ በፊት የነበሩትን ሳምንታት አልረሳም። በኦገስት 12፣ ገና ከዚያው ቡድን የተመረቀ የ18 ዓመት ልጅ በካሊፎርኒያዋ ሪችመንድ ከተማ ውስጥ በጥይት ተገደለ። ወደ ኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ሊሄድ ሁለት ቀን ነበር የቀረው። የዴ ላ ሳል ልጆች ጓደኛቸውን ቀብረው፣ ሐዘን ላይ ሳሉ፣ የ151 ጨዋታ ታሪክ ተሸክመው ነው የመጡት። ያን ታሪክ የጀመሩት እነሱ አይደሉም። አብዛኞቹ ሲጀመር ሕፃናት ነበሩ። ስታዲየሙ ውስጥ የነበረው ሕዝብ ግን የመጣው ሲወድቅ ለማየት ነው። የ16 እና የ17 ዓመት ልጅ ላይ ይህን መጫን ትክክል ነው ብዬ አላምንም። የልጁን እናት እደግፋለሁ።

ረዳት አሰልጣኙ (ቨርጂኒያ)

እህቴ፣ ስለ ሐዘኑ ያልሽው እውነት ነው፤ አልከራከርም። ስለ ጨዋታው ግን አንድ ነገር ልጨምር። ለጠያቂውም ይጠቅመዋል።

ዴ ላ ሳል የተሸነፈው ሐዘን ስለነበረበት ብቻ አይደለም። የዓምናዎቹ ጠንካራ ልጆች ብዙዎቹ ተመርቀው ወጥተው ነበር። ከዚያ በላይ ደግሞ ቤልቪው የሚጫወተው ዊንግ ቲ የሚባለውን የቆየ የማጥቃት ስልት ነው። ከኳርተርባኩ (ማጥቃቱን ከሚመራው ተጫዋች) ጀርባ ያሉት ሯጮች ሁሉም በአንድ ጊዜ ይንቀሳቀሳሉ። ኳሱን የያዘው አንዱ ነው፤ ሌሎቹ የያዙ መስለው ይሮጣሉ። ላይንማኖቹም (ከፊት ተሰልፈው የሚገፉት ግዙፎቹ) ቦታቸውን ለቀው ወደ ሌላ ጎን ይሮጣሉ። ተከላካዩ ዓይኑን አምኖ አንድ እርምጃ ከተሳሳተ ኳሱ አልፎታል። ቤልቪው በዚያ ቀን በሩጫ ብቻ ከ400 ያርድ በላይ ሄደ።

ከስቴት ውጭ ያለ ቡድን የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። የሊግህን ቡድን ዓመት በዓመት ታየዋለህ። አሰልጣኙን ታውቀዋለህ፤ ልጆቹ ራሳቸው ከተጋጣሚዎቻቸው ጋር በልጅነት አብረው የተጫወቱ ናቸው። የሩቁን ግን በቪዲዮ ብቻ ነው የምታውቀው። ዛሬ ሃድል በሚባለው የኢንተርኔት አገልግሎት የጨዋታ ፊልም መለዋወጥ ቀላል ሆኗል። ችግሩ የመክፈቻ ጨዋታ መሆኑ ነው፤ ያለህ የዓምና ፊልም ነው፣ በዓምና ልጆች። ስለዚህ የልጁ አሰልጣኝ ለዚህ ጨዋታ ስንት ሳምንት እንደመደበ ጠይቅ። የተጋጣሚውን ስልት በልምምድ የሚያስመስል ሁለተኛ ቡድን አቁሟል ወይ? ይህን ካላደረገ ጉዞው ለሽርሽር ነው።

የዴ ላ ሳሉን ቦብ ላዱሰርን ደግሞ አስታውሱ። 399 ጨዋታ አሸንፎ፣ 25 ተሸንፎ፣ 3 አቻ ወጥቶ ነው ጡረታ የወጣው። ከሲያትሉ ሽንፈት በኋላም ዓመታት አሰልጥኗል። ልጆቹም አልጠፉም።

ነርሷ (ዳላስ)

ሁላችሁም ስለ ውጤት እያወራችሁ ነው። እኔ ስለ ጭንቅላት ላውራ።

ጠያቂው አንድ ነገር ጻፈ፤ ማንም አላነሳውም። ዓምና ጨዋታው ከእረፍት በፊት ያልቅ ነበር አለ። ይህ ማለት ልጁ ከጨዋታው አራት ሩቦች ምናልባት ሁለቱን ተጫውቶ ይቀመጥ ነበር ማለት ነው። ደካማ ልጆችን እየገፋ። አሁን እኩያውን፣ ምናልባትም ከእሱ የሚከብደውን ልጅ፣ አራት ሩብ ሙሉ ሊገጥም ነው። ላይንማን ከሆነ ደግሞ በእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ይጋጫል። አንድ ከባድ ምት ብቻ አይደለም የሚያሳስበኝ፤ የትንንሾቹ ድምር ነው። ያውም በውድድር ዘመኑ መጀመሪያ፣ ሰውነቱ ገና ሳይለምድ።

የዋሽንግተን ስቴት በ2009 ስለ ኮንከሽን (በምት ስለሚመጣ የአንጎል መናወጥ) ያወጣው ሕግ በአገሪቱ የመጀመሪያው ነው። በዛከሪ ሊስቴት ስም የተጠራው። ልጁ በ2006 በ13 ዓመቱ ጭንቅላቱን ተመትቶ ወደ ጨዋታ ተመልሶ ከባድ የአንጎል ጉዳት ደረሰበት። ከዚያ በኋላ ሌሎቹም ስቴቶች ተከተሉ። ኮንከሽን የተጠረጠረበት ልጅ ወዲያው ይወጣል፤ የጤና ባለሙያ ሳይፈቅድለት አይመለስም። ካሊፎርኒያ ደግሞ ከ2015 ጀምሮ ሙሉ ግጭት ያለበትን ልምምድ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ አድርጋለች።

ሕግ አለ ማለት ነው። ግን ሕጉን የሚያስፈጽም ሰው ሜዳው ላይ መኖር አለበት። አትሌቲክ ትሬነራቸው (ጉዳት የሚከታተለው የቡድኑ የጤና ባለሙያ) አብሮ ይበራል? ልጁን የሚያውቀው እሱ ነው፤ የአስተናጋጁ ቡድን ሐኪም ልጁ በደህና ቀን እንዴት እንደሚያወራ አያውቅም። ማታ ሆቴል ውስጥ ራስ ምታት ቢነሳበትስ የማንን በር ያንኳኳል? እኔ ብሆን ይህን ሳልሰማ አልፈርምም።

የባልቲሞሩ አባት

ጉዞ ሁልጊዜ ምርጫ የሚመስላችሁ ካላችሁ የሴንት ፍራንሲስ አካዳሚን ነገር ስሙ። በ1828 ጥቁር መነኮሳት የመሠረቱት ትምህርት ቤት ነው፤ ባልቲሞር ውስጥ፣ እስር ቤቱ አጠገብ። ብዙዎቹ ልጆች የድሃ ቤት ልጆች ናቸው። ፉትቦላቸው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሊጉን አሸነፈ። በ2018 በዚያው ሊግ ያሉ የግል ትምህርት ቤቶች ከእነሱ ጋር አንጫወትም አሉ። ልጆቻችን ይጎዱብናል፣ እነሱ ከየቦታው ትልልቅ ልጆች እያመጡ ነው የሚል ምክንያት ሰጡ። ሴንት ፍራንሲስ ምን ያድርግ? ከስቴት ስቴት እየዞረ መጫወት ጀመረ።

እኔ ያኔ በጣም አዝኛለሁ። አንድ ጥቁር ልጅ ገና በ16 ዓመቱ፣ ሰውነቱ ስለገዘፈ ብቻ፣ ጎረቤቱ ከእሱ ጋር አንድ ሜዳ ላይ መቆም አልፈልግም ሲለው ምን ይሰማዋል? ወንዶች ልጆች የምናሳድግ ሰዎች ይህን በደንብ ልናስብበት ይገባል። ለእነዚያ ልጆች አውሮፕላኑ ክብር ነበር።

የሲያትሏ እናት

ወንድሜ፣ ስለ ልጆቹ ያልከው ልቤን ነካኝ። ግን አዋቂዎቹን እንጠይቅ። አንድ ቡድን ሁሉንም የሚያሸንፈው ለምንድነው? ብዙ ጊዜ ጎበዝ ልጆችን ከሩቅ ሰፈር ስለሚሰበስብ ነው። ያ አሸናፊው ቤልቪው ራሱ በ2016 ተመርምሮ ተቀጣ። መርማሪዎቹ ደጋፊዎች ለተጫዋቾች የግል ትምህርት ቤት ክፍያ ከፍለዋል፣ የሐሰት አድራሻም ጥቅም ላይ ውሏል አሉ። መጀመሪያ ጎበዙን ሁሉ ወደ አንድ ቤት ይሰበስባሉ። ከዚያ የሚገጥመን የለም ይላሉ። ከዚያ የአውሮፕላን ገንዘብ ይለምናሉ። የሰፈሩ ሊግ ግን ባዶ ቀረ። ጥያቄው ይሄ ነው ለእኔ፤ ልጁ ይብረር አይብረር ከሚለው በፊት።

የቀድሞ ተጫዋቹ (ሚኒሶታ)

ታላላቆቼ፣ እኔ እዚህ ያደግኩ ነኝ፤ ሃይስኩል እያለሁ ተጫውቻለሁ። ከስቴት ውጭም ሄደናል። ወላጆች የማያዩት አንድ ነገር አለ። ሰፈር ውስጥ በጣም ሲበልጡ ልምምድ ይሰለቻል። ማክሰኞ ዕለት ማንም አይሮጥም። የሩቅ ጨዋታው ሲታወቅ ግን በጋውን ሙሉ ሁሉም ሰው ጠዋት ጂም ነበር። ሰነፎቹ ሳይቀሩ ፊልም ያዩ ነበር።

ግን ጋሼ፣ ኮሌጅ ያየዋል ብለው ከሆነ የሚልኩት፣ ያ ምክንያት ቢቀር ይሻላል። ከ100 የሃይስኩል ተጫዋቾች ኮሌጅ ደርሰው የሚጫወቱት 7 ገደማ ናቸው። በትልቁ ዲቪዥን (በከፍተኛው የኮሌጅ ውድድር ደረጃ) የሚጫወቱት ደግሞ ከዚያም ያነሱ ናቸው። ለጓደኞቹ እና ለጨዋታው ብሎ ይሂድ።

እናትየው (ሜሪላንድ)

አልፈርምም ያልኩት እኔ ነኝ፤ ባለቤቴ ካነሳው እኔም ልናገር።

የቬጋሱ ወንድሜ የፌዴሬሽኑን ጨዋታ ጠቀስክ። እዚያ ስንሄድ በጋ ነው፤ ትምህርት የለም። ቤተሰቡ ሁሉ አብሮ ነው፣ ልጁ ከዓይናችን አይጠፋም። ይሄኛው ሌላ ነው። ትምህርት በጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ሁለት ቀን ይቀራል። ወላጅ ራሱ ከፍሎ ካልሄደ በቀር አይከተልም። የሚበሩት ደግሞ ሁሉም አይደሉም፤ ተጠባባቂዎቹ ብዙዎቹ ይቀራሉ። በጋውን ሙሉ አብረው የለፉ ናቸው። ይህን ለልጄ ስነግረው ዝም አለ፤ የቅርብ ጓደኛው ከሚቀሩት አንዱ ነው።

ተጋጣሚውስ ማን ነው? በ2021 ቢሾፕ ሲካሞር የሚባል፣ የኦሃዮ ትምህርት ቤት ነኝ ያለ ቡድን ኢኤስፒኤን በሚባለው የስፖርት ቴሌቪዥን ቀርቦ በፍሎሪዳው አይኤምጂ አካዳሚ 58 ለ 0 ተሸነፈ። ከሁለት ቀን በፊት ሌላ ጨዋታ ተጫውቶ ነበር። በኋላ የኦሃዮ የትምህርት መሥሪያ ቤት መረመረና ትምህርት ቤት እንዳልሆነ ገለጸ። በአገር አቀፍ ቴሌቪዥን እስኪታዩ ድረስ ያጣራ አዋቂ አልነበረም። የተጎዱት እነዚያ ልጆች ናቸው። እኔ አሰልጣኙን አምናለሁ፤ ግን ጥያቄ ስጠይቅ እንደ ጠላት መታየት አልፈልግም።

የላስ ቬጋሱ አባት

እህቴ፣ ተጠባባቂዎቹ የሚቀሩ ከሆነ እኔም አልስማማም። ወይ ሁሉም ይሂድ፣ ወይ ያኛው ቡድን ይምጣ። በሚቀጥለው ዓመት እነሱ ወደ ሜሪላንድ የሚመጡበት ውል አለ ወይ? ብዙ ጊዜ የሁለት ዓመት ስምምነት ይደረጋል፤ አንዱ ሄዶ ሌላው ይመጣል። በመሄዱ ግን አሁንም አምናለሁ።

ረዳት አሰልጣኙ (ቨርጂኒያ)

የነርሷን ነገር ደግሜ አሰብኩበት። ዓምና ሁለት ሩብ የተጫወተ ልጅ አራት ሩብ እንዲጫወት ማዘጋጀት የአሰልጣኙ ሥራ ነው። መፍትሔውም ተጠባባቂዎቹን ይዞ መሄድ ነው። ላይንማኖችን እያቀያየሩ ማጫወት ይቻላል። እናትየው ለፍትሕ ብላ ያነሳችው ነገር ለጤናም ይሆናል። ይህንኑ ለአሰልጣኙ ንገሩት፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ከሆነ ይገባዋል።

ጠያቂው (ሜሪላንድ)

አመሰግናለሁ፣ ሁላችሁንም። ማክሰኞ የወላጆች ስብሰባ አለ። ትሬነሩ አብሮ መሄዱን፣ የሚጓዙት ልጆች ቁጥር እንዲጨምርና ያኛው ቡድን መምጣት አለመምጣቱን እጠይቃለሁ። ካሊፎርኒያ ያለውንም ትምህርት ቤት ራሴ ደውዬ አጣራለሁ።

እናትየው (ሜሪላንድ)

አብሬ እመጣለሁ። ስለ ትሬነሩ የሚሰጠው መልስ በጽሑፍ ይሁን። ጓደኛው በዝርዝሩ ከገባ እፈርማለሁ፤ ካልገባ ግን ልጁ ራሱ ይወስን ብያለሁ፣ እሱም እሺ ብሏል።