የሐረና እስስት ፎቶ አነሳሁ፤ ቦታውን ልለጥፍ?

ባለካሜራው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ሳምንት ከጎባ ተነስተን፣ የባሌን የሳነቴ አምባ አቋርጠን ሐረና ጫካ ወረድን። ማታ ከካምፑ ወጣ ብለን ከአስጎብኚያችን ጋር በባትሪ ስንዞር እስስት አገኘሁ። በቁመቴ ልክ ካለ ቁጥቋጦ ጫፍ ላይ ተኝቷል። ጅራቱን እንደ ሰዓት ሞላ ጠቅልሎታል። ሰውነቱ ነጣ ስላለ የደረቀ ቅጠል መስሎኝ ላልፈው ነበር። አፍንጫው ላይ ሁለት ትንንሽ ቀንዶች አሉት። ፎቶው ቆንጆ ወጥቷል። ከነካርታው ልለጥፈው ስል ግን አመነታሁ። ምን ትላላችሁ?

እንሽላሊት ወዳጅ፦
የባሌው ባለሁለት ቀንድ እስስት መሆን አለበት። ሳይንሳዊ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው፤ ከባሌ ተራሮች ውጭ የትም የለም። የሚያስቀው ወገኑ ትሪዮሴሮስ ይባላል፣ ባለሦስት ቀንድ ማለት ነው። አንዱን የት እንደጣለው እንጃ! ካርታውን ተው። እስስት ወደ ውጭ ለመሸጥ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ የሳይተስ ስምምነት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ኮንትሮባንዲስት ግን ፈቃድ አይጠይቅም። ስልክህ ፎቶው ውስጥ የመዘገበውን ጂፒኤስም አጥፋ። "ሐረና ጫካ" ካልክ ይበቃል።

የደሎ ልጅ፦
እኔ እዛው ነው ያደግኩት። የእስስት ነጋዴ አይቼ አላውቅም። ያየሁት ከብትና ገጀራ ነው። ሣር ሲጠፋ ከብቱ ወደ ጫካ ይነዳል፤ ጎዳንቱ እንለዋለን። የአባቴም ከብቶች ይሄዱ ነበር፣ የተማርኩት በነሱ ነው፤ ስለዚህ በማንም አልፈርድም። ግን ድሮ ሰው ትንሽ ነበር። አሁን እዛው የሚሰፍረው በዝቷል። ቁጥቋጦው ይመነጠራል፣ ችግኙ ይጋጣል፣ ትልልቁ ዛፍ ብቻ ይቀራል። ከመኪና መስኮት ስታየው ጫካው ሙሉ ነው። ውስጡ ስትገባ እስስቱ የሚተኛበት ቅርንጫፍ የለም። በነገራችን ላይ ልጆች ሆነን መርዛም ነው እየተባልን በድንጋይ እንወግረው ነበር። ምንም መርዝ የለውም። አፉን ከፍቶ "ሽሽሽ" ይላል፣ በቃ።

ባለካሜራው፦
አመሰግናለሁ። ካርታውንም ጂፒኤሱንም አጥፍቻለሁ። የደሎ ልጅ፣ አንተ ስትል ፎቶውን አስፍቼ አየሁት። ከእስስቱ ጀርባ አዲስ የተቆረጠ ጉቶ አለ። እንዳያበላሽብኝ ብዬ ከፎቶው ላወጣው ነበር። አሁን ከነጉቶው እለጥፈዋለሁ።