የረሃቡ ፎቶዎች ደሴ ላይ ይሰቀሉ ወይስ ይቅሩ?

የሆጤ ልጅ፦ እንደምን ከረማችሁ። ደሴ ውስጥ ስለ ወሎ የፎቶግራፍ ዐውደ ርዕይ እናዘጋጅ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ሁላችንም ደስ ብሎናል። ሐሳቡን ያመጣው ወንድማችን ግን የ66ቱና የ77ቱ ረሃብ ፎቶዎችም ይካተቱ ብሏል። እኔ አጥብቄ እቃወማለሁ። የወሎ ሰው የትም ቢሄድ ያ ምስል ቀድሞት ይደርሳል፤ አጥንቱ የወጣ ሕፃንና ነጠላ የተከናነበች እናት። ሌሎች ሲያሳዩብን ኖረዋል፤ አሁን በገዛ ግድግዳችን ላይ እኛው እንስቀለው? ልጆቻችን የንጉሥ ሚካኤልን አይጠየፍ አዳራሽ፣ የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም፣ የጦሳን ተራራ ይዩ።

የፒያሳ ፎቶ አንሺ፦ ወንድሜ፣ መቆጨትህን አልነቅፍም። ነገር ግን ያንን ምስል ያነሳው ሰው ማን እንደ ነበር እናስታውስ። መሐመድ አሚን የናይሮቢ ልጅ ነው፤ አፍሪካዊ ነው። በጥቅምት 1977 ከቢቢሲው ጋዜጠኛ ከማይክል በርክ ጋር ኮረም ገባ፤ ኮረም ያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ነበረች። መንግሥት ከአንድ ወር በፊት የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በታላቅ ድግስ አክብሮ ነበር፤ ሕዝቡ ግን በመጠለያ ያልቅ ነበር። ጥቅምት 13 ቀን ዘገባው ተላለፈ፤ ከ400 በላይ ጣቢያዎች ተቀባበሉት፤ እህል የጫነ አውሮፕላንም ከዚያ በኋላ ጎረፈ። አሚን በ1983 አዲስ አበባ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ ግራ እጁን አጣ፤ አብሮት የነበረው የድምፅ ባለሙያ ሞተ። ሰው ሠራሽ እጅ አስገጥሞ ወደ ካሜራው ተመለሰ። ኅዳር 14 ቀን 1989 ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ በወደቀው የተጠለፈ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ሕይወቱ አለፈ። የእኔ ሙያ ሰው ያተረፈበትን ቀን ደብቁ ብትሉኝ እሺ አልልም።

ከኮምቦልቻ፦ እኔ ሴት ነኝ፣ እናትም ነኝ፤ የምጠይቀውም አንድ ነገር ነው። የአሚንን ስም እናውቃለን። የብራዚሉን የሴባስቲያኦ ሳልጋዶን ስምም እናውቃለን፤ ኢኮኖሚክስ ተምሮ ወደ ፎቶ የዞረ፣ በ1976 እና በ1977 ከድንበር የለሽ ሐኪሞች ጋር ኢትዮጵያን፣ ሱዳንን፣ ቻድንና ማሊን የዞረ ትልቅ ባለሙያ ነበር። በጥቁርና ነጭ ያነሳቸው ምስሎች ብርሃናቸው እንደ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነው፤ መከራን አስዋበ ብለው የወቀሱትም አሉ። እሺ፣ በዚያ ብርሃን ውስጥ የቆመችው እናት ማን ትባላለች? ከየትኛው ቀበሌ መጣች? ልጇ ተረፈ? ከሥሩ የሚጻፈው የቦታና የዓመት ስም ብቻ ነው። ደቡብ ሱዳን ውስጥ አሞራ ከኋላው የቆመበትን ሕፃን ያነሳው ኬቪን ካርተርም በ1986 ፑሊትዘር የተባለውን የጋዜጠኝነት ሽልማት ተሸልሞ፣ በዚያው ዓመት ራሱን አጠፋ፤ ሕፃኑ ማን እንደ ነበር የታወቀው ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ስም የሌለው ምስል ለእኔ የሙት ገላ ነው፤ አይሰቀልም።

ጡረተኛው መምህር፦ ልጄ፣ ጥያቄሽ ልክ ነው። ግን አንድ ነገር ልጨምር፤ የወሎን ረሃብ በፎቶ መጀመሪያ ያጋለጠው የውጭ ሰው ብቻ አይደለም። በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ መጥተው ያነሷቸውን ፎቶዎች በግቢያቸው አሳይተዋል። ምስሉ እንዳይታይ የፈለጉት ሹማምንት ነበሩ። የሆጤው ልጅ ያንን ዝምታ እንዳይደግምብን እሰጋለሁ። ደግሞም ፎቶ በማን እጅ እንዳለ መጠየቅ ያስፈልጋል። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የቀረጸውን የወሎ ረሃብ ደርግ መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስል ጋር ቆራርጦ አሳየ፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱን አወረደ። የእኛን ሬሳ ለሥልጣኑ መወጣጫ አደረገው። እኛ ብንሰቅለው ግን ለማንም ሥልጣን አይደለም።

የሆጤ ልጅ፦ መምህር፣ እርስዎን አከብራለሁ፤ ከሹማምንቱ ጋር መቆጠሬ ግን አሳዝኖኛል። እኔ ይጥፋ አላልኩም፤ የክብር ቦታው አይሁን ነው ያልኩት። ፎቶ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ በ2003 አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን የፎቶ ፌስቲቫል የመሠረተችው እኮ አፍሪካውያን ራሳቸውን በራሳቸው ካሜራ እንዲያሳዩ ነው። የወሎ ፎቶ ቤቶች በጨለማ ክፍል ያጠቧቸው የሠርግና የጉርድ ፎቶዎች የት አሉ? በ77 ዓመተ ምሕረትም እኮ የተዳረ ሰው ነበር፤ ለምን ያ አይታይም?

የፒያሳ ፎቶ አንሺ፦ በዚህ እስማማለሁ፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ይሁኑ። ከአሮጌዎቹ ፎቶ ቤቶች ኔጋቲቭ ማሰባሰብ እኔ እችላለሁ። መቸኮል ግን አለብን፤ በ2014 የደሴ ሙዚየም መዘረፉን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ቅጂ የሌለው ነገር እንዲህ ነው የሚቀረው።

ከኮምቦልቻ፦ እኔ ከአቋሜ አልወርድም። በየመጠለያው ያለፉ ሰዎች ዛሬም በከተማችን አሉ። ምስሎቹን አስቀድመን ለእነርሱ እናሳይ። የሚያውቁት ፊት ካለ ስሙን ይንገሩን፤ ይሰቀል የሚሉት ከነስሙ ይሰቀል፤ አይሆንም ካሉ ሳልጋዶም ያንሳው አሚን ይቅር።

ጡረተኛው መምህር፦ ከእነርሱ አንዱ እኔ ነኝ ልጄ። አልውሃ ምላሽ መጠለያ ውስጥ የነበርኩበትን ሳምንት ለማንም አውርቼ አላውቅም። ምስሎቹን አምጡልኝና ልያቸው።