እናቴ ጉንፋን ሲይዛት ቬንቶሊኑ አይሠራም፤ ምን ይሻላል?

ጠያቂ (ጅማ፣ ሂርማታ)
እናቴ ሲኦፒዲ (የአየር ቧንቧን የሚያጠብ ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ) አለባት። ክረምት ሲገባ ጉንፋን ይይዛትና ትንፋሿ ያጥራል። ቬንቶሊን (የአየር ቧንቧ የሚከፍት፣ በአፍ የሚነፋ ሳልቡታሞል) ብትነፋም ብዙ ለውጥ የለም። አሞክሳሲሊን ልጀምርላት? የሳልቡታሞል ኪኒንም ቤት አለ።

መልስ 1
መጀመሪያ አነፋፏን እይ። በቀጥታ አፍ ውስጥ ሲረጭ አብዛኛው ጉሮሮ ላይ ይቀራል፤ ትንፋሽ ላጠረው ሰው ደግሞ ይብሳል። ስፔሰር (መርጫው ላይ የሚሰካ፣ የተረጨውን መድኃኒት ይዞ የሚያቆይ ባዶ ቱቦ) ካጣህ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ይበቃል። ቂጡን በጋለ ሽቦ በፓፉ (በቬንቶሊኑ መርጫ) አፍ ልክ ብሳውና ፓፉን ሰክተህ ዙሪያውን በፕላስተር ድፈን፤ አየር ካስወጣ ዋጋ የለውም። አስቀድመህ በፈሳሽ ሳሙና እጠበውና ሳትወለውል ይድረቅ። በጨርቅ የተወለወለ ፕላስቲክ መድኃኒቱን ግድግዳው ላይ ይስባል።
ፓፉን ነቅንቅ፣ አንዴ ተጫን፣ እናትህ በጠርሙሱ አፍ ቀስ ብለው 5 ጊዜ ያህል ይተንፍሱ። ሁለተኛው ርጭት ከዚያ በኋላ፣ እንደገና ተነቅንቆ። ሁለቱን አከታትለው የሚረጩ ብዙ ናቸው፤ ሳንባ የሚደርሰው ግን ያንሳል።

መልስ 2
ኪኒኑን ተወው። አንዱ የቬንቶሊን ርጭት 100 ማይክሮግራም ሳልቡታሞል ነው፤ ባለ 4 ሚሊግራም ኪኒን የ40 ርጭት መጠን ማለት ነው፣ ያውም በደም ዞሮ። ልብ ያስመታል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል።
ጉንፋን ቫይረስ ስለሆነ አሞክሳሲሊን አይነካውም። ቫይረሱ ቀድሞውኑ የጠበበውን የአየር ቧንቧ ያሳብጣል፣ አክታ ያበዛል። አንቲባዮቲክ የሚታሰበው አክታው ከወትሮው በዝቶ መግል ሲመስልና ትንፋሹም ሲብስ ነው። ለእብጠቱ ሐኪም አብዛኛውን ጊዜ ፕሬድኒሶሎን 40 ሚሊግራም (ባለ 5ቱ ከሆነ 8 ፍሬ) በቀን አንዴ ለ5 ቀን ያዛል። ስኳር ከፍ ስለሚያደርግ በራስ አይጀመርም፤ ካለፈው የተረፈውን መዋጥም ያው ነው።

መልስ 3
ቡና ሲቆላ፣ ከሰል ሲቀጣጠልና እጣን ሲጨስ ከክፍሉ ይውጡ። ቡናውን አልከለከልኩም፣ ጭሱን ነው።

ጠያቂ
አመሰግናለሁ። መቼ ነው ድንገተኛ ክፍል የምወስዳት?

መልስ 2
አንድ ዓረፍተ ነገር ሳያርፉ መጨረስ ካቃታቸው፣ ከንፈራቸው ከጠቆረ፣ ከተደናገሩ ወይም ያለወትሮ ካንቀላፉ፣ ፓፉም ለጥቂት ሰዓት እንኳ ካልያዘላቸው አትጠብቅ። ስትደርሱ ሲኦፒዲ እንዳለባቸው ቶሎ ተናገር፤ በደማቸው ያለው የኦክስጅን ሙሌት ከ88 እስከ 92 በመቶ እንዲሆን ኦክስጅኑ ተመጥኖ ይሰጣል። ከበዛ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በደም ውስጥ ይጠራቀማል።