«የሰው ክትፎ» ምናሌ ይነሳ ወይስ ይቆይ?

የውይይቱ ከፋች፦ ትናንት የፒያሳው ልጅ እዚህ ግሩፕ ላይ የለጠፈው የቀልድ ምናሌ ግማሹን አስቆ ግማሹን አስቆጥቷል። ላላያችሁት እነሆ፦ «የሹም ጉበት፣ በአበል የደለበ። የደላላ ምላስ ሰንበር፣ ሚጥሚጣ አይፈልግም። የባንክ ሥራ አስኪያጅ ጎድን፣ በቀጠሮ ብቻ። የሰባ ሰባት አጥንት፣ ለሾርባ።» ይነሳ ወይስ ይቆይ? ስድብ የለም።

የፒያሳው ልጅ፦ ዝም ብዬ አልፈጠርኩትም። እ.ኤ.አ. በ2020 ለንደን ዲዛይን ሙዚየም ከሰው ሴል ያደገ «ስቴክ» በሰሃን ቀርቦ ታይቷል። ከራስህ ጉንጭ ሴል ትወስዳለህ፣ ጊዜው ካለፈበት የልገሳ ደም በተገኘ ፈሳሽ ታሳድገዋለህ። ማንም እንዲበላው አይደለም፣ ሽሙጥ ነው። «ከብት ሳይታረድ ሥጋ እናበላችኋለን» የሚሉት ሰዎች ሴሉን ለማሳደግ ገና ያልተወለደ ጥጃ ደም ይጠቀሙ ነበር። የተሸሞጡት እነሱ ናቸው። እኔ ደግሞ ቁርጡን ከመብላቱ በፊት ፎቶ የሚያነሳውን የእኛን ሰው ነካ አደረግኩ።

ከኮምቦልቻ፦ እኔ ጉንጬን ስንቴ ነክሻለሁ፣ ያውም በነጻ።

የሐይቋ፦ ወላሂ እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ቢስሚላህ ማን አለበት? በስመ አብስ? እኛ ሰፈር ሰርግ ሲሆን ለእስላሙም ለክርስቲያኑም ለየብቻ ይታረዳል። ለጉንጭ ሥጋ የማንን ቢላ ልናመጣ ነው?

ከኮምቦልቻ፦ የባለጉንጩ ሃይማኖት ይታያላ።

የሐይቋ፦ ኧረ ወዲያ! ባለጉንጩ ጾም ላይ ከሆነስ?

ነርሷ፦ ቀልዱ እንዳለ ሆኖ፣ ፓፑዋ ኒው ጊኒ ውስጥ ፎሬ የሚባሉ ሕዝቦች የሞተ ዘመዳቸውን በለቅሶ ላይ ይበሉ ነበር። ከፍቅር ነው፣ ከጥጋብ አይደለም። በዚያው ሰበብ ኩሩ የሚባል የአንጎል በሽታ ጨረሳቸው፣ ይበልጡን ሴቶችና ልጆችን። ልማዱ ከቆመ ከብዙ ዓመት በኋላ እንኳ የሚታመም አልጠፋም ነበር። እና ጉበቱም ምላሱም ይቅርባችሁ።

ጡረተኛው መምህር፦ ልጆች፣ ሦስቱ መስመሮች አስቀውኛል። በሰባ ሰባቱ ረሃብ የቀለደው አራተኛው ግን ይነሳ። በክፉ ቀን፣ ከ1880 ጀምሮ፣ ከብቱ በበሽታ አልቆ ሰው ሰውን እስከ መብላት ደረሰ ተብሎ ተጽፏል። ለእኛ ይሄ የሩቅ አገር ጨዋታ አይደለም። በ1965 የወሎ ረሃብ ተደበቀ። መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ፣ ንጉሡ ሊወርዱ ሲሉ፣ ደርግ የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ወሎ ላይ የቀረጸውን የረሃብ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር ቀላቅሎ በቴሌቪዥን አሳየ። ከዚህ የመረረ ሽሙጥ አላየሁም፤ ያረፈው ግን በጠገበው ላይ ነበር። ያው ደርግ መስከረም 1977 አሥረኛ ዓመቱን ሲደግስ ደግሞ ኮረም ላይ ሰው ይረግፍ ነበር። እሱን ምናሌ ውስጥ ክተቱልኝ። ሟቹን ግን ተዉት።

የወረባቦው፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አልስማማም። አያቴ ስለ ሰባ ሰባት ስታወራ እኛ ስናለቅስ እሷ ትስቃለች። የእርዳታው ብስኩት እንዴት ጥርሷን እንደሰበረው እየነገረች። ቀልዱን ከከለከልን ለዓለም የሚቀረው የነጮቹ ፎቶ ብቻ ነው፤ የጎድን አጥንትና ዝንብ። ሰባ ሰባትን ከእኛ በላይ ማን ይቀልድበት? ስለ ሰው በላ ከተነሳ ደግሞ፣ የአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች የግብፅን ሬሳ ፈጭተው ለበሽተኛ ሲሸጡ ብዙ መቶ ዓመት ኖረዋል። ሰው በላ እየተባለ ስሙ የጠፋው ግን አፍሪካዊው ነው።

ጡረተኛው መምህር፦ አያትህ ትሳቅ፣ መብቷ ነው። ይሄ የፒያሳ ልጅ ግን ረሃብን የሚያውቀው በረመዳን ነው።

የፒያሳው ልጅ፦ ይሄ እንኳን ልክ ገብቷል፣ ጋሼ። አራተኛውን ቀየርኩት፦ «የረሃብ ጥናት ዐውደ ጥናት፣ በሆቴል አዳራሽ፣ ከቡፌ ጋር።»

የሐይቋ፦ ዐውደ ጥናት ሥጋ አለው እንዴ?

የወረባቦው፦ ተሳታፊዎቹን አላየሻቸውም ማለት ነው።