ጋንዳልፍ ቀለበቱን ለመፈተን 17 ዓመት ለምን ፈጀበት?

መጽሐፍ_ወዳድ፦
የቶልኪንን ልብ ወለድ «የቀለበቶቹ ጌታ»ን ደጋግማችሁ ላነበባችሁ ጥያቄ አለኝ። በሦስተኛው ዘመን፣ በ3001 ቢልቦ አስማተኛ ቀለበቱን ለወራሹ ለፍሮዶ ትቶ ሲሄድ ጠቢቡ ጋንዳልፍ የጨለማው ጌታ ሳውሮን የሠራው ያ አንዱ ቀለበት እንዳይሆን ጠርጥሯል፤ ፍሮዶም እንዳይጠቀምበትና በምስጢር እንዲይዘው አስጠንቅቆታል። እሳት ውስጥ ጥሎ ያረጋገጠው ግን በኤፕሪል 3018 ነው። ምድጃው እዚያው ቤት ነበር፤ ፈተናውም ጊዜ የሚፈጅ አይደለም። እንዲህ ያለ ጠቢብ ምን ሲጠብቅ ቆየ?

ነጋሪት፦
ፈተናውን አያውቀውም ነበር እኮ። በ3001 የነበሩት ምልክቶች ቢልቦ አለማርጀቱ፣ ቀለበቱን እንዴት እንዳገኘው መጀመሪያ ሲናገር መዋሸቱና ሲለቀው መታገሉ ናቸው። ይህ ለጥርጣሬ ይበቃል፤ ያ አንዱ ቀለበት ነው ብሎ ለመቁረጥ ግን አይበቃም። ስለዚህ የኋላ ታሪኩን ፍለጋ ወጣ። ከ3009 ጀምሮ ከወዳጁ ከአራጎርን ጋር፣ ከቢልቦ በፊት ቀለበቱን ይዞ የነበረውን ጎለምን ሲያድኑ ስምንት ዓመት አለፈ። ተስፋ ሊቆርጥ ሲል የጠቢባን አለቃ ሳሩማን በጉባኤ የተናገረው ትዝ አለው፦ ሌሎቹ ታላላቅ ቀለበቶች የየራሳቸው ፈርጥ አላቸው፣ ያ አንዱ ግን ልሙጥ ነው፤ ሠሪው ያኖረበትን ምልክት ዐዋቂ ያነበው ይሆናል። ሳሩማን ይህን ከየት አመጣው? ከሠሪውና ቀለበቱን ከሳውሮን ከነጠቀው ከንጉሥ ኢሲልዱር በቀር ማን ይዞት ያውቃል? በ3017 አደኑን ትቶ ወደ ሚናስ ቲሪት ከተማ ሄደ፤ የኢሲልዱርን ጽሑፍ ያገኘውም እዚያ ነው። ወርቁ ሲቀዘቅዝ ቀለበቱ ላይ ያለው ፊደል እንደሚደበዝዝ፣ ቢሞቅ ምናልባት እንደሚመለስ የሚናገረው ያ ጽሑፍ ነው።

የማታ_አንባቢ፦
ነጋሪት ያልከው ልክ ነው፤ ግን መዘግየቱን ከ3001 መቁጠር ያሳስታል። ጋንዳልፍ በ2850 ዶል ጉልዱር የተባለው ምሽግ ገብቶ የዚያ ጌታ ሳውሮን መሆኑን አረጋግጧል። በማግስቱ ዓመት ይዘመትበት ሲል ሳሩማን አስቀረው። ዘመቻው የተካሄደው በ2941 ነው፣ ቢልቦ ቀለበቱን ባገኘበት ዓመት! በ2953 ደግሞ ሳሩማን ቀለበቱ በአንዱዊን ወንዝ ተጠርጎ ባሕር ገብቷል ብሎ ሁሉንም አረጋጋ።

እኔን ከሁሉ የሚያመኝ ይህ ነው፦ ጋንዳልፍ ስለ ቢልቦ ቀለበት ሳሩማንን ላማክር ባለ ቁጥር አንድ ነገር ይይዘው ነበር። ሰውየውን ልቡ አላመነውም፤ የሰውየውን ቃል ግን አመነ። በቀለበት ጥበብ ከሳሩማን የሚበልጥ ስላልነበረ የራሱን ጥርጣሬ በሊቁ ቃል አስተኛው። በኋላ ስለ ቀለበቱ በተመከረበት በኤልሮንድ ጉባኤም በሳሩማን ቃል ተዘናግቶ እውነቱን ቀደም ብሎ አለመፈለጉን እንደ ጥፋት ቆጥሮ ተናግሯል።

መጽሐፍ_ወዳድ፦
ይህ አሳመነኝ። ግን በጥርጣሬ ብቻም ቢሆን በ3001 ቀለበቱን ወደ ኤልሮንድ መኖሪያ፣ ወደ ሪቨንዴል ቢያስወስደው ምን ይጎዳ ነበር?

ፋኖስ፦
ያን ጊዜ ጠላት፣ ማለትም ሳውሮን፣ ፍሮዶ የሚኖርበትን ሻየር የሚባል አገር፣ ባጊንስ የሚባል የቤተሰቡን ስም አያውቅም። እነዚህን ሁለት ቃላት ያገኘው በኋላ ጎለምን በገዛ አገሩ በሞርዶር ውስጥ አሠቃይቶ ነው። ማንም የማያውቀውን መሸሸጊያ ትቶ ረጅም መንገድ ማውጣት ትልቅ አደጋ ነበር፤ ጋንዳልፍ ራሱም ሊሸከመው አይደፍርም። ስለዚህ በሻየር ዙሪያ ጥበቃው እንዲጠናከር አደረገ፤ ይህ ለኔ ትክክለኛ ውሳኔ ነው።

ይቅር ለማለት የሚከብደኝ ካወቀ በኋላ ያለው ነው። በኤፕሪል 3018 አረጋገጠ፤ ፍሮዶ የወጣው ሴፕቴምበር 23 ነው። ወሬ እንዳይነሳ ቀስ ብሎ መውጣቱን ጋንዳልፍም ተስማምቶበታል። በጁን መጨረሻ ግን ሌላው ጠቢብ ራዳጋስት የሳውሮን አገልጋዮች የሆኑት ዘጠኙ ፈረሰኞች መውጣታቸውንና ሳሩማን ቶሎ ና ማለቱን ነገረው። ጋንዳልፍ ፍሮዶ ከጁላይ መጨረሻ በፊት እንዲወጣ የሚያሳስብ ደብዳቤ ጽፎ ብሪ በተባለች መንደር ለሚገኘው የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ሰጠና ወደ ሳሩማን ገሰገሰ። ባለቤቱ ረሳው። አንድ ደብዳቤ፣ አንድ አድራሽ፣ መድረሱን የሚያረጋግጥ ሰው የለም። ጋንዳልፍ ራሱ ከጁላይ 10 እስከ ሴፕቴምበር 18 ሳሩማን ከድቶት በግንቡ በኦርታንክ ላይ ታሰረ። ሻየር ተመልሶ ፍሮዶን በቃሉ ቢያስጠነቅቀው ይሻል ነበር፤ ጎትቶ የወሰደው ግን አሁንም የሳሩማን ቃል ነው። ፍሮዶ በወጣበት ምሽት ጥቁሩ ፈረሰኛ ሰፈሩ ደርሶ ስሙን እየጠራ ይጠይቅ ነበር። ደብዳቤው እጁ የገባው ሴፕቴምበር 29 ብሪ ሲደርስ ነው። ያኔ የቀረለት ጥቅም የአራጎርንን እውነተኛ ስም መያዙ ብቻ ነበር፤ ፍሮዶም ያን የማያውቀውን ሰው ይበልጥ እንዲያምነው የረዳው ያ ነው።